«ፎርጅድ» ማለት ምን ማለት ነው?

ባለፈው ወር አንድ ጓደኛችን የቤቱ የውሃ ቧንቧ እየተንጠባጠበ ቢያስቸግረው፣ መፍቻ ሊገዛ ወደ መርካቶ ወረደ። ጓደኛችን በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጀማሪ ሠራተኛ ነው። እንግሊዝኛ አንብቦ ይረዳል፤ ዕቃም ሲገዛ እንደ ብዙዎቻችን አገላብጦ አይቶ፣ ጽሕፈቱንም አንብቦ ነው እንጂ እንዲሁ አይገዛም። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ከበድ ያለ መፍቻ አወረደለት። ጓደኛችን ተቀብሎ ወደ ብርሃን ቀረብ አድርጎ ቢመለከተው፣ በእጀታው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ፎርጅድ» የሚል ቃል ጎላ ብሎ ተቀርጾበት አገኘ። ወዲያው መልሶ አስቀመጠውና ወጣ።

ማታ ሲያጫውተን፣ «የነጋዴውን ድፍረት አያችሁ! ፎርጅድ መሆኑን ፋብሪካው ራሱ አምኖ በብረቱ ላይ ጽፎበት እያለ፣ ኦሪጅናል ነው ብሎ ሊሸጥልኝ!» አለን።

ሁላችንም ሳቅን። ነገር ግን ሳቃችን ሲበርድ፣ «ለመሆኑ የትኛው ፋብሪካ ነው በገዛ ዕቃው ላይ ሐሰተኛ ነኝ ብሎ የሚጽፍ?» የሚል ጥያቄ መጣብን። ከመካከላችን መልሱን ደፍሮ የሚናገር ጠፋ። አራት ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ ተምረን፣ በእንግሊዝኛ ተፈትነን የተመረቅን ሰዎች፣ በየቀኑ ከአፋችን የማይጠፋውን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አናውቀውም ነበር። ስለዚህ መዝገበ ቃላት ገለጥን።

አንባቢ ሆይ፣ ያገኘነው እነሆ። በእንግሊዝኛ «ፎርጅ» ማለት በመጀመሪያ የብረት ሠሪው ምድጃና ወርክሾፕ ነው። ቀጥሎም ግሥ ሲሆን፣ ብረትን በእሳት አግሎ፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ ቅርጽ ማስያዝ ማለት ነው። በዚህ መንገድ የተሠራ ብረት ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰው ይልቅ አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራና የማይሰበር ስለሚሆን፣ የመፍቻና የመዶሻ ፋብሪካዎች «ፎርጅድ» የሚለውን ቃል በዕቃቸው ላይ የሚቀርጹት ለሙገሳ ነው። ከዚያም እንግሊዞች ቃሉን ወደ ምሳሌ አሻግረው፣ በድካምና በትዕግሥት የተመሠረተ ወዳጅነትን ወይም አንድነትን በዚሁ ግሥ ይናገሩበታል። በመጨረሻ፣ የሰውን ፊርማ፣ ገንዘብን ወይም ሰነድን አስመስሎ መሥራትም ከጥንት ጀምሮ በዚያው ቃል ሲነገር ኖሯል። እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ ትርጉሞች መካከል አገራችን የገባው ይህ የመጨረሻው ብቻ ነው።

የቃሉን ዘር ወደ ኋላ ብንከተለው ደግሞ የበለጠ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። በላቲን «ፋበር» ማለት ባለ እጅ ነው፤ የሚሠራበትም ቤት «ፋብሪካ» ይባላል። ይህ ስም በፈረንሳዮች አፍ ሲንከባለል ቆይቶ «ፎርጅ» ሆነና ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። በኢጣልያኖች አፍ ግን ብዙ ሳይለወጥ ቀርቶ እኛ ዘንድ «ፋብሪካ» ተብሎ ደረሰ። ስለዚህ መርካቶ ቆመን አንዱን ዕቃ «የፋብሪካ ነው» ብለን ስናመሰግን፣ ሌላውን ደግሞ «ፎርጅድ ነው» ብለን ስንነቅፍ፣ የአንድ እናት ልጆች የሆኑትን ሁለት ቃላት አንዱን አክብረን ሌላውን እየሰደብን መሆናችንን ማን ነገረን?

ይህን ስንል የባዕድ ቃል ለምን ገባ ብለን የምንቆጣ አይደለንም። መርካቶን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ቁጣ ሊቆጣ አይችልም። «መርካቶ» ራሱ በኢጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ኢጣልያኖች ሕዝቡን ከነጮች ሠፈር ለመለየት ሲሉ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ጥንታዊ ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው ለአገሬው ተወላጅ ብለው ባወጡት ሥፍራ አቋቋሙት። ጠላት ሄደ፤ ስሙ ቀረ። ዛሬ «የመርካቶ ገበያ» ስንል «የገበያ ገበያ» ማለታችን መሆኑን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ነገሩ ግን ማንንም አልጎዳም።

የመርካቶ ሰው የባዕድ ቃል ሲያገኝ እንደ ዕቃው ሁሉ ቆርጦ፣ ሰፍቶ፣ ለራሱ እንዲመች አድርጎ ነው የሚለብሰው። «ሰልባጅ» የሚለውን ተመልከቱ። «ሳልቬጅ» በእንግሊዝኛ ከመስጠም ወይም ከእሳት ንብረትን ማዳን፣ የተረፈውንም ንብረት ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ከባሕር ማዶ የሚመጣ የተለበሰ ልብስ ሆነ። ትርጉሙ ቢለወጥም ጥሩ ለውጥ ነው፤ ሊጣል የነበረ ልብስ ድኖ ሌላውን ሰው ከብርድ አድኗልና። እንዲህ ያለውን የቃል ንግድ እኛም እናደንቀዋለን።

«ፎርጅድ» የሚለውም ቃል ቢሆን በተገቢው ቦታ ሲውል ጠቃሚ ነው። ሐሰተኛ የብር ኖት፣ ሐሰተኛ መታወቂያ፣ ሐሰተኛ መድኃኒት፣ ሐሰተኛ የመኪና ፍሬን ሸራ በገበያ ላይ ሲገኝ፣ ገዢው ራሱን የሚጠብቅበት አጭርና ሹል ቃል ያስፈልገዋል። በቅርብ ዓመታት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን የትምህርት ማስረጃ ማጣራት ከጀመሩ ወዲህ፣ «ዲግሪውን አስፎርጅዶ» የሚለው አነጋገር በየቢሮው ሲነገር ይሰማል። አነጋገሩ ያስቃል፤ ነገሩ ግን አያስቅም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ የሚያዘጋጀውንም ሆነ የሚገለገልበትን ይቀጣል። ሌሊት ሲያጠና አድሮ የተመረቀው ልጅ ሥራ አጥቶ ሲንከራተት፣ ወረቀት የገዛው ከወንበር ላይ ሲቀመጥ ማየት ለማንም መራራ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሰው «ፎርጅድ» የሚለው ስም ቢያንሰው እንጂ አይበዛበትም።

የእኛ ቅሬታ ሌላ ነው። ቃሉ ከሐሰተኛው ዕቃ ላይ ተነሥቶ በአገር እጅ በተሠራው ዕቃ ሁሉ ላይ እየተለጠፈ መሄዱ ነው ቅሬታችን። ዛሬ በብዙ ወጣቶች አፍ «ፎርጅድ» ማለት «የሌላውን ስም የሰረቀ» ማለት መሆኑ ቀርቶ፣ «እዚሁ የተሠራ» ማለት ሆኗል። «ኦሪጅናል» የሚለውም በአንጻሩ «ከውጭ የመጣ» ወደ ማለት ዞሯል። መዝገበ ቃላቱ ግን «ኦሪጅናል» ማለት የመጀመሪያ፣ ከሌላ ያልተቀዳ፣ ከራስ የመነጨ ነው ይላል። እንግዲህ እንደ መዝገበ ቃላቱ ከሄድን፣ አንድ ጫማ ሠሪ ከራሱ ሐሳብ አውጥቶ የሰፋው ጫማ ኦሪጅናል ነው፤ ባሕር ማዶ የተሠራውና የሌላ ኩባንያ ስም የተለጠፈበት ጫማ ግን ፎርጅድ ነው። በገበያችን የሚነገረው የዚህ ግልባጭ ነው።

ነገሩን በዓይናችን ለማየት ባለፈው ቅዳሜ ከዚያው ከመፍቻው ጓደኛችን ጋር ሆነን ወደ ምናለሽ ተራ ሄድን። ምናለሽ ተራን ያላየ አንባቢ ቢኖር፣ ከመድረሱ በፊት በጆሮው ያውቀዋል። ቆራሌው በየመንደሩ ዞሮ የሰበሰበው አሮጌ ብረት፣ በርሜልና ቆርቆሮ የሚራገፈው እዚያ ነው፤ የሥፍራውም ስም «ምን አለሽ?» ከሚለው ጥያቄ የመጣ ነው። ጎረምሳው የበርሜል ክዳን ዘርግቶ ይደቃል፤ ሌላው ቆርቆሮ ያቃናል፤ ትናንት ዘይት ያመላለሰው በርሜል ዛሬ የከሰል ምድጃ ሆኖ ይወጣል። በአገራችን ከሆነ ስፍራ ሁሉ «ፎርጅ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በእውነተኛ ትርጉሙ የሚኖርበት ቦታ ቢፈለግ፣ ከዚህ የተሻለ የሚገኝ አይመስለንም።

ከአንድ ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ብረት ሠሪ አገኘን። የጋለውን ብረት በጉጠት ይዘው በመስፉ ላይ እያገላበጡ ይቀጠቅጣሉ።

«አባባ፣ ሥራ እንዴት ነው?» አልናቸው።

«እግዜር ይመስገን፣ ልጆቼ። ቢላዋ ፈለጋችሁ?»

ከፊታቸው ከተደረደሩት ቢላዋዎች አንዱን አንሥተን ከምን እንደሚሠሩት ጠየቅናቸው። «ከመኪና ባሌስትራ ነው። ስንት ኩንታል ተሸክሞ ሳይሰበር የኖረ ብረት ነው፤ ሥጋ ለመቁረጥ ይሰንፋል ብላችሁ ነው?» አሉን።

ይህን ስንነጋገር አንድ ሱፍ የለበሰ ወጣት መጥቶ ከቢላዋዎቹ አንዱን አነሣና፣ «ይኼ ፎርጅድ ነው። ኦሪጅናል የለዎትም?» አላቸው። ሽማግሌው ቀና ብለው፣ «የውጭ የለኝም፣ ልጄ። ይኼ የእጄ ነው» አሉት። ወጣቱ ቢላዋውን አስቀምጦ ሄደ።

እኛም መዝገበ ቃላቱ የነገረንን ነገርናቸው። ወጣቱ የተናገረው ቃል በባለቤቶቹ ቋንቋ በእሳትና በመዶሻ የተሠራ ማለት እንደ ሆነ፣ በባሕር ማዶም ፋብሪካዎች ለመመስገን ሲሉ በዕቃቸው ላይ እንደሚቀርጹት አስረዳናቸው። ሽማግሌው መዶሻቸውን አሳርፈው አዳመጡንና ሳቁ። «እንግዲያው ሲመርቁኝ ኖረዋል በሉኛ!» አሉ። ቀጥለውም፣ «ግን እነሱም ሳያውቁት፣ እኔም ሳላውቀው፣ ምርቃቱ ለማን ሆነ?» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ጥያቄያቸውን መመለስ አልቻልንም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን ሌላ ነገር ታወሰን። አባቶቻችን ብረት ሠሪውን «ቀጥቃጭ» ብለው ይሰድቡት ነበር። «ጠይብ» የሚለው ስም የመጣው «ጠቢብ» ከሚለው ነው፤ ይኸውም ብልኅ፣ ዐዋቂ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ያ የክብር ስም ተጣሞ የመናቂያና የመፍሪያ ስም ሆነ። ገበሬው ያረሰበትን ማረሻ፣ ያጨደበትን ማጭድ፣ ወታደሩም አገር የጠበቀበትን ጦር የሠራው ያው የተሰደበው እጅ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የመድፍ መሥሪያ ሲያቋቁሙ የእጅ ሥራ የመንግሥት ኀይል መሆኑ ገብቷቸው ነበር። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን የሚሰድብ ሰው በሕግ እንዲጠየቅ አዘዙ።

እንግዲህ አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የዛሬ ወጣት «ቀጥቃጭ» ብሎ አይሳደብም፤ ያፍራል። ነገር ግን በእንግሊዝኛ «ፎርጅድ» ሲል፣ ቃሉን በጥሬው ብንተረጉመው «የተቀጠቀጠ» ማለቱ ነው። አሮጌው ስድብ ሱፍ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ተመልሶ መጣ ማለት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ሌላውን ስንወቅስ የራሳችንንም ጥፋት መሸሸግ አይገባንም። ተማሪዎች ሳለን አብሮን የሚያድር አንድ ልጅ ነበር። አባቱ ጫማ ሠሪ ናቸው። ሁለተኛ ዓመት እንደ ገባን ልጁ ከቤቱ ሲመለስ አዲስ ጥቁር ጫማ ተጫምቶ መጣ። ቆዳው ያማረ፣ ስፌቱ የጠበቀ ነበር። እኛ ግን የየትኛው ኩባንያ ምልክት እንዳለበት ፈልገን ስናጣ፣ «ፎርጅድ ነው!» ብለን ተሳሳቅን። ልጁ አልመለሰልንም። ከዚያ ቀን በኋላ ያን ጫማ በእግሩ ላይ አላየነውም፤ ከአልጋው በታች በካርቶን ውስጥ ተቀምጦ ዓመቱ አለቀ። ያን ጊዜ የሳቅነው በጫማ መስሎን ነበር። አባት ለልጁ ማታ ማታ ቁጭ ብሎ በሰፋው ሥራ እንደሳቅን የገባን ዛሬ ነው። በዚያ ጫማ ላይ አንድም ሐሰት አልነበረበትም፤ የማንም ስም አልተለጠፈበትም፤ ከአንድ ሰው እጅ በቀር ከማንም አልተቀዳም።

አንዳንድ አንባቢ፣ «ጫማ ሠሪዎቹስ ራሳቸው የኢጣልያን ስም እየለጠፉ ይሸጡ የለምን? ስሙን ያመጡት እነሱ አይደሉምን?» ሊለን ይችላል። እውነት ነው፤ ይህን የሚያደርጉ አሉ። ነገር ግን ሐሰቱ የት እንዳለ በደንብ እንመልከት። ቆዳው የእኛው አገር ቆዳ ነው፤ ስፌቱም ሐቀኛ ስፌት ነው። የዋሸችው አንዲት ጣት የማታክል ጨርቅ ናት። ጨርቋን የለጠፈው ሰው ጥፋተኛ ቢሆንም፣ ያለ እርሷ አንገዛም ያልነው እኛ ደግሞ ከጥፋቱ ነጻ አይደለንም። ሠሪው ስሙን ጽፎ ቢያቀርብ ንቀነው እናልፋለን፤ የሌላውን ስም ጽፎ ቢያቀርብ ደግሞ ፎርጅድ ነህ እንለዋለን። ታዲያ ምን ያድርግ?

የአገራችን ጫማ ሠሪ ችሎታ የጎደለው አለመሆኑን ያለፈው ዘመን ይመሰክራል። በ1990ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የቻይና ጫማ ገበያውን ባጥለቀለቀው ጊዜ በመርካቶና በአካባቢው የነበሩት ጫማ ሠሪዎች ሥራቸው ሊዘጋ ደርሶ ነበር። እነሱ ግን የተሻለ ሶል፣ የተሻለ ማጣበቂያ፣ የተሻለ ቅርጽ ፈልገው ሥራቸውን አሻሻሉ፤ ጥቂት ዓመታትም ሳይቆይ የጠፋባቸውን ገዢ መልሰው አገኙ። ይህ በመዶሻና በመርፌ የተገኘ ድል ነው። የጎደለው ድሉ በገዛ ስማቸው መጠራቱ ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 ማንም ሠሪ የራሱን ምልክት አስመዝግቦ በሕግ እንዲጠበቅለት በር ከፍቷል። በአእምሯዊ ንብረት ጉዳይ፣ በንግድ ቢሮና በክፍለ ከተማ የምትሠሩ ወጣት ሹማምንት፣ ይህ መንገድ መኖሩን አንድ ጫማ ሠሪ ወደ ቢሯችሁ ሲመጣ ብትነግሩት ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

ደግሞም ሥራና ሐሰት በአንድ ቃል መጠራታቸው የእንግሊዝኛ ጉድ ብቻ አይደለም። የእኛው «ፈጠራ» እንዲሁ ነው። «የፈጠራ ሥራ» ስንል እናመሰግናለን፤ «የፈጠራ ወሬ» ስንል እንነቅፋለን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያልነበረውን የሚያስገኝ እጅና አእምሮ እውነትንም ሐሰትንም ማስገኘት ይችላልና። ነገር ግን «ፈጠራ» ክፉ ትርጉም አለው ብለን የሚፈጥረውን ሁሉ ውሸታም አንልም፤ ከአጠገቡ ያለውን ቃል አይተን እንለያለን። ለራሳችን ቃል ያደረግነውን ፍርድ ለተበደርነውም ቃል ብናደርግለት ምን ይጎዳናል?

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። «ፎርጅድ» የሚለው ቃል ከገበያ ይውጣ አንልም፤ ብንልም የሚሰማን የለም፤ ቋንቋ በአዋጅ አይመራምና። የምንለው፣ ቃሉን ከአፋችን ከማውጣታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ ነው፦ «ይህ ዕቃ የማን ስም ሰረቀ?» የሰው ስም፣ የሰው ፊርማ፣ የሰው ማዕረግ ሰርቆ ከሆነ ፎርጅድ እንበለው፤ ለባለሥልጣንም እናመልክት። ማንንም ያልሰረቀ እንደ ሆነ ግን በስሙ እንጥራው፤ «የእጅ ሥራ» እንበለው። ጥራቱም ቢጎድል «ጥራቱ ይጎድላል» እንበል። ደካማ ሥራ ስሕተት ነው፤ ስሕተትም ይታረማል። ሐሰት ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል ስንጠራ ደካማውን ሠራተኛ ተስፋ እናስቆርጣለን፤ እውነተኛውንም አጭበርባሪ ከብዙ ንጹሐን መካከል እንሸሽገዋለን።

የመፍቻው ጓደኛችን ከምናለሽ ተራ ስንመለስ ወደዚያ ሱቅ ጎራ ብሎ ያንን መፍቻ ገዛው። ባለሱቁ አስታውሶት ኖሮ፣ «ኦሪጅናል ነው ስልህ አልሰማህም ነበር» አለው። ጓደኛችንም፣ «ኦሪጅናል መሆኑን አላውቅም፤ ፎርጅድ መሆኑን ግን አረጋግጬ ነው የመጣሁት» ብሎ መለሰለት። ባለሱቁ ግራ ገብቶት ሲያየን ወጣን። ያ አብሮን ያደረው ልጅ ዛሬ በአንድ ክፍለ ሀገር መሥሪያ ቤት እንደሚሠራ ሰምተናል። ይህን ጋዜጣ የሚያነብ ከሆነ፣ ጫማውን ከካርቶኑ እንዲያወጣው እንለምነዋለን። ለአባቱም ይቅርታችንን ያድርስልን።